በግ አድላቢዎች ብቻ ተሰባስበን በቡድን ዋስትና እንበደር ወይስ ይቅርብን?

የጠባሴ_አድላቢ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት። አጭር ጥያቄ ነበረችኝ፣ ስጽፋት ረዘመች፤ ታገሡኝ።

አምስት ነን። አምስታችንም ጠባሴ አካባቢ በግ እናደልባለን። ሰኔና ሐምሌ ላይ ገበሬው ለማዳበሪያና ለክረምት ቀለብ ብር ሲቸግረው፣ ከጫጫም ከመንዝ ከሚመጣውም ከሲታ ከሲታውን መርጠን እንገዛለን። ሦስት ወር ያህል ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን የገብስ ተረፈ ምርት እያበላን ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል እናወጣለን። ከዚያ ለገና፣ ከዚያ ለፋሲካ። ሥራውን እናውቀዋለን፤ የጎደለን መነሻ ብር ነው። በየግላችን ስንሄድ ወይ የቤት ካርታ ወይ ደመወዝተኛ ዋስ አምጡ ተባልን። አምስታችንም የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው።

አሁን አንድ አበዳሪ «ቡድን ሁኑና እርስ በርስ ተዋዋሱ፤ ለያንዳንዳችሁ 100,000 ብር፣ በ12 ወር የሚመለስ» ብሎናል። ቅድመ ሁኔታው ሁላችንም በአንድ ሥራና በአንድ ቀበሌ መሆን አለብን፤ ለክትትል ስለሚመቸው ነው አሉ። ክፍያው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በየወሩ ነው።

ሦስቱ ነገውኑ እንፈርም ይላሉ። አንዷ «ባለቤቴ አልፈቀደም» አለች። እኔ መሀል ላይ ነኝ። የተበደራችሁ፣ ያበደራችሁ፣ ብሩ አንገታችሁ ላይ ቆሞ የሸሻችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

---

ሰባራ_ሚዛን

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? ፈርሙ። አንበሳው ሲመጣ ደግሞ እናያለን።

---

የደብረሲና_ቆሎ

ወንድሜ፣ ቀልዱን ተወውና የእኔን ስማ።

እኛ ደብረ ሲና አውቶቡስ በሚቆምበት አካባቢ ቆሎ እንሸጣለን። አምስት ሴቶች ነን፤ ልክ እንደናንተ አንድ ሥራ፣ አንድ ቦታ። የመጀመሪያው ብድር ማር ነበር ብል አልዋሽም። ለምን መሰለህ? ጎን ለጎን ቆመን ስለምንሸጥ የማንኛችን ዘንቢል በስንት ሰዓት ባዶ እንደሚሆን ሁላችንም እናያለን። «ዛሬ አልሸጥኩም» ብሎ መዋሸት የለም። ቡድኑን ስንመሠርት አንዲት ሴት ልግባ ብላ ነበር፤ ከሦስት ሱቅ ዱቤ እንዳለባት ስለምናውቅ በጨዋ ደንብ መለስናት። ባንክ ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ ቢከርም ይህን አያገኘውም። በየወሩ ከፈልን፣ ዘጋን፣ ከፍ ያለውን ወሰድን።

ሁለተኛው ላይ መንገዱ ተዘጋ። የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ሲዘጋ ደብረ ሲና ምን እንደምትመስል የማያውቅ ካለ ይምጣና ይይ። አውቶቡስ የለም፤ አውቶቡስ ከሌለ ተሳፋሪ የለም፤ ተሳፋሪ ከሌለ ቆሎውን ለማን? አንዳችን ብንታመም አራታችን እንሸፍናት ነበር። አምስታችንም በአንድ ቀን ሥራ ስንፈታ ግን ማን ለማን ያዋጣ? የአበዳሪው ባለሙያ መጥቶ «ተጋገዙ» ይለናል።

በመጨረሻ የከበደኝ የብሩ ነገር አይደለም። የቡድኑ ሰብሳቢ እኔ ስለነበርኩ ማታ ማታ ቤት ለቤት እዞር ነበር። አንዷ ጋ ስደርስ ልጇ ከበር ብቅ ብሎ «እማዬ የለችም» ይለኛል፤ ጫማዋ ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፣ ጭቃው ገና አልደረቀም። ምን ትላለህ? «መጥታ ነበር በላት» ብዬ ተመለስኩ። ሌላዋ ደግሞ ጥሪቷን አውጥታ የራሷን ድርሻ ሙሉውን ከፈለች፤ የቁጠባ ደብተሯን ስትጠይቅ «ቡድኑ ካልዘጋ አይለቀቅም» ተባለች። ይህ ውሉ ላይ ነበር፤ አንዳችንም አላነበብነውም ነበር እንጂ። እስካሁን ከሁለቱ ጋር ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነው።

ብሩ ተከፈለ። ዘግይቶ፣ ግን ተከፈለ።

---

የጠባሴ_አድላቢ

እህቴ አመሰግናለሁ። የቁጠባውን ነገር እኛም አልጠየቅንም።

---

ቀወት_ሽንኩርት (ሸዋ ሮቢት)

የቆሎዋ እህታችን የጻፈችው እኛ ጋ ሽንኩርት ነው። መስኖ ያለን ስድስት ሰዎች በቡድን ወስደን ስድስታችንም ሽንኩርት ተከልን፣ በአንድ ሰሞን ደረሰ። የኛ ብቻ ቢሆን ምን ገዶን፤ ቀወት በሙሉ ነው የደረሰው። ነጋዴው አይሱዙውን አቁሞ ዋጋ ይጠራል፤ የጠራው ዋጋ የለቃሚ እንኳ አይሸፍንም። ስድስታችንም ወደ ብድር ቤቱ የሄድነው አንድ ዓይነት ፊት ይዘን ነበር።

አሁን ያለሁበት ቡድን ሌላ ነው፤ ሰፈሩ አንድ፣ ሥራው ልዩ ልዩ። እኔ ሽንኩርት፣ አንዱ የውሃ ፓምፕ ጥገና፣ አንዷ ሻይ ቤት፣ አንዱ ባጃጅ። ሽንኩርት ሲወድቅ ሻይ አይወድቅም። ችግሩ ግን የፓምፕ ጠጋኙን ገቢ እኔ አላውቅም። «ሥራ የለም» ቢለኝ ከማመን በቀር ምን አደርጋለሁ?

---

ብድር_ክፍል_የነበርኩ

ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ ስለሠራሁ ያን በኩል ልንገራችሁ። የት እንደሠራሁ አልጽፍም።

በመጀመሪያ የቡድን ዋስትና ክፉ ነገር አይደለም። መያዣ የሌለው ሰው ከአራጣ አበዳሪ የተላቀቀው በእሱ ነው። ነገሩ በዓለም ደረጃ የታወቀው በባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ ነው፤ ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ቺታጎንግ አጠገብ ጆብራ በምትባል መንደር ጀመረው፣ በ1983 ባንክ ሆነ፣ በ2006 እሱም ባንኩም የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰዱ። እኛ አገር የብድርና ቁጠባ ተቋማት በሕግ የቆሙት በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ነው፤ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) በአማራ ክልል ገጠር የደረሰው ከዚያ ወዲህ ነው። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የብድር ፊርማ የፈረመው በአብዛኛው በቡድን ነው።

የግራሚንን ደንብ ግን እኛ ስንኮርጅ ግማሹን ጥለነዋል። እዚያ አምስቱ አባላት በአንድ ቀን አይበደሩም ነበር። መጀመሪያ ሁለቱ ይወስዳሉ፤ የእነሱ አከፋፈል ታይቶ ሁለት ይጨመራሉ፤ የቡድኑ ሊቀ መንበር መጨረሻ ነው። የቅርብ ዘመድ አንድ ቡድን ውስጥ አይገባም። ቡድኑንም የሚመርጡት ተበዳሪዎቹ ናቸው እንጂ ባለሙያው አይደለም። እኔ ስሠራ ግን ለመጋቢት ዕቅድ መሙያ ስም ዝርዝር ይዘን «አንተና አንተ ከነሱ ጋር ሁኑ» ያልንበት ጊዜ አለ። እንዲህ የተሰፋ ቡድን ወንድማማችነቱ ከፊርማው ቀን አያልፍም።

አበዳሪው አንድ ሥራና አንድ ቀበሌ የሚለው ለምን እንደሆነ ደግሞ እወቁ። አንድ ባለሙያ በመቶ የሚቆጠሩ ተበዳሪዎች አሉበት። አንድ በረት ጎብኝቶ አምስት ፊርማ መያዝና አምስት ቦታ መዞር አንድ አይደለም። ስለዚህ መስፈርቱ የሱን ድካም ያቀላል፤ የናንተን አደጋ ግን አይቀንስም። ይህን አውቃችሁ ተደራደሩ፤ «የናንተን ወጪ ቀንሰንላችኋል፣ እናንተም የክፍያውን ቀን አስተካክሉልን» ማለት ትችላላችሁ። ማንም አይጠይቅም እንጂ ሲጠየቅ የሚሰጥ ነገር አለ።

---

አወያይ

አንድ የመኖ ማስታወቂያ አጥፍቻለሁ። ፉርሽካ የሚሸጥ በገበያ ክፍሉ ይለጥፍ።

---

ሰባራ_ሚዛን

> የግራሚንን ደንብ ግን እኛ ስንኮርጅ ግማሹን ጥለነዋል

ከባንግላዴሽ ምን አስኬደን? ዕቁባችን ምን ጎደለው? ገበያ ላይ ያለ ዕቁብ እኮ አንድ ሰፈር፣ ብዙ ጊዜም አንድ ሥራ ነው። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ሳያቀርብ ብሩን አይነካም፤ ዳኛው የማያውቀው ሰው ዋስ ሆኖ አይቀርብም። ቸግሮት ቀድሞ የሚፈልግ ደግሞ ዕጣ ከወጣለት ላይ በስምምነት ይገዛል። ወለዱም ዋስትናውም ቅጣቱም ውስጡ አለ።

ልዩነቱ የማን ብር ነው የሚለው ነው። ዕቁብ ሲፈርስ የጠፋው የኛው ብር ነው፤ ተቆጥተን፣ ተካሰን፣ በሽማግሌ እንጨርሳለን። የቡድን ብድር ሲፈርስ ግን ከውጭ የመጣ ሰው እኔን በጎረቤቴ ላይ ዘበኛ አድርጎ ይሾመኛል። ደመወዝ እንኳ የለውም።

---

ሚዛን_ደፋ (አዲስ አበባ፣ ትውልዴ እነዋሪ)

የኢኮኖሚ ትምህርት የጨረስኩ ነኝ፤ የቆሎዋና የሽንኩርቱ ታሪክ በጥናትም ያለ ነገር ስለሆነ ልጨምር።

ጆሴፍ ስቲግሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው ጽሑፍ ዋና ሐሳቡ ቆሎ ሻጯ እህታችን ያለችው ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ከባንክ በተሻለ ያያል፣ ዋስ ሲሆን ደግሞ ለማየት ምክንያት አለው። በ1995 ቤስሊና ኮት የተባሉ ሁለት ሰዎች ሌላውን ፊት አሳዩ። መክፈል ይችል የነበረ ሰው የሌሎቹ ዕዳ ሲደመርበት «ይህን ሁሉ ከምሸከም ሁሉንም ልተው» ይላል። በናንተው ብር እናስላው፤ ወለዱን ትተን።

ጠቅላላው 500,000 ነው። አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ቢወድቅ አራቱ 25,000፣ 25,000 ይጨምራሉ፤ ያማል፣ ግን ይቻላል። ሁለት ቢወድቁ ሦስቱ እያንዳንዳቸው ወደ 66,700 ይደርስባቸዋል። ሦስት ቢወድቁ የቀሩት ሁለቱ በራሳቸው 100,000 ላይ 150,000፣ 150,000 ይሸከማሉ፤ ከራሳቸው ብድር በላይ። እዚያ ላይ የሚከፍል ሰው ካለ ቅዱስ ነው። አሁን አስቡት፤ ልዩ ልዩ ሥራ ያላቸው አምስት ሰዎች ሦስቱ በአንድ ወር የመውደቃቸው ዕድል ትንሽ ነው። አምስት በግ አድላቢዎች ግን አንድ የበግ ፈንጣጣ ወይም አንድ የደስታ መሰል (የበግና የፍየል በሽታ) ወረርሽኝ ከመጣ በአንድ ሳምንት ይወድቃሉ። በጎቹ አንድ ገበያ የተገዙ፣ አንድ ሰፈር የታሠሩ ናቸዋ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ፊሊፒንስ ውስጥ ዣቪዬ ጂኔና ዲን ካርላን ባደረጉት ሙከራ አንድ ባንክ ነባር ቡድኖቹን በየግል ኃላፊነት አደረጋቸው፤ ስብሰባው ቀጠለ፣ መዋዋሱ ቀረ። ያልተከፈለ ብድር አልጨመረም። ራሱ ግራሚንም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደንቡን ሲያሻሽል የአንዱን ዕዳ ሌላው ይክፈል የሚለውን አልያዘም። ሌላው ሕንድ ኮልካታ የተደረገ ነው፤ ክፍያቸው ወዲያው ሳይጀምር ሁለት ወር የተሰጣቸው ተበዳሪዎች ንግዳቸው ላይ የበለጠ አዋሉ፣ ከዓመታት በኋላም ትርፋቸው በልጦ ተገኘ። ከእነሱ መካከል ሳይከፍል የቀረው ሰው ግን እንዲሁ በለጠ። አበዳሪዎች የእፎይታ ጊዜ የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም ለማለት ነው።

በግ ደግሞ ሦስት ወር የሚበላና አንድ ቀን የሚሸጥ ነገር ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በየወሩ ክፈል ማለት ከብድሩ ላይ ቀንሰህ መልስልኝ ማለት ነው።

---

መንዜ_ባና (መሐል ሜዳ)

እኔ በዚህ ውይይት ላይ ሁላችሁም ወደ አንድ ጎን አጋደላችሁ። በአንድ ሙያ መሰባሰብን እንደ ጥፋት አትቁጠሩት።

እኛ ጋ ሥራው ባና እና ዝተት ነው፤ ከሱፍ የሚሸመን። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ እንሸምናለን። ቡድናችን የሸማኔ ብቻ ነው። የአንዱ መወርወሪያ ቢሰበር ሌላው ያውሰዋል፤ ሽመና የማያውቅ የቡድን አባል ምን ያውሰዋል? ሱፍ በጋራ ስንገዛ የበግ ባለቤቱ በዋጋ አይጫወትብንም። አንዱ ጥራት የሌለው ፈትል ቀላቅሎ ሲሠራ በጣታችን ዳስሰን እናውቃለን፤ «ይህ ለገበያ አይወጣም፣ ስማችንን ታጠፋለህ» እንለዋለን። ስልክ ሻጭ ቢሆን ይህን ማን ይለዋል? ሰው የሚከስረው በወረርሽኝና በመንገድ መዘጋት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው የሚከስረው በስንፍናና ባለማወቅ ነው። ለዚያ መድኃኒቱ ሙያውን የሚያውቅ ጓደኛ ነው።

እኛ ያደረግነው በአንድ ቀን አለመበደር ነው። ሁለት ሁለት ሆነን ወሰድን። ባንግላዴሽን ሰምተን አይደለም፤ አበዳሪው ጋ የነበረው ብር ለሁላችን ስላልበቃ ነው። በኋላ ሳየው ጠቀመን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲያጥራቸው ዕዳ ያልነበረብን እኛ ደገፍናቸው።

---

የሸድ_ልጅ (ደብረ ብርሃን)

እንጨት ሥራ። አንድ ሸድ ውስጥ ያለን ስምንት ልጆች ነን፣ በማኅበር ተደራጅተን፣ በቡድን ተበድረን ለአንድ መሥሪያ ቤት ዴስክ ሠራን። ዴስኩ ደረሰ፣ ርክክብ ተፈረመ፣ ክፍያው ግን በጀት ተዘጋ ተብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት ተሻገረ። የብድሩ ቀን አልተሻገረም። ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ቼክ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሥራ ከሚለው በላይ አንድ ገዢ የሚለውን ጠይቁ። አምስታችሁ ለአምስት ደላላ ነው የምትሸጡት ወይስ ለአንድ?

---

የጠባሴ_አድላቢ

ለአንድ። አዲስ አበባ የሚጭን አንድ ሰው ነው፣ ለበዓል። ይህን እስካሁን እንደ ጥሩ ነገር ነበር የማየው።

---

ፍርድ_ቤት_በር_ላይ

ጥቂት የሕግ ነገር ልበል፤ ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ሥራዬ ከውል ጋር ነው።

ስትፈርሙ ሁለት የተለያየ ነገር ልትፈርሙ ትችላላችሁ፤ ውሉን ሳታዩ አታውቁትም። አንዱ አምስታችሁም የአንዱ ብድር ባለዕዳ የምትሆኑበት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1896 መሠረት አብረው ባለዕዳ የሆኑ ሰዎች ሌላ ስምምነት ከሌለ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው። አበዳሪው ከፈለገ አምስታችሁንም፣ ከፈለገ አንተን ብቻ መርጦ 500,000ውን ይጠይቅሃል። ከከፈልክ በኋላ አራቱን ድርሻቸውን ጠይቀህ መክሰስ ያንተ ፈንታ ነው። የሚመረጠው ደግሞ ሁልጊዜ ንብረት ያለው ወይም የማይሸሸው ሰው ነው።

ሌላው ዕዳው የየራሳችሁ ሆኖ አንዳችሁ ለሌላው ዋስ የምትሆኑበት ነው። ለዋስትና አንቀጽ 1922 አንድ ትልቅ ጥበቃ አስቀምጧል፤ ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚገባ ከፍተኛው መጠን ውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ስለዚህ «እያንዳንዳችን ለሌላው እስከ 20,000 ብር» ብላችሁ መገደብ ትችላላችሁ። አበዳሪው እሺ ላይል ይችላል፤ መጠየቅ ግን ነውር አይደለም።

ሦስተኛ መንገድም አለ። የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ ከብትም፣ በግም፣ ማሽንም፣ በመጋዘን ያለ ሸቀጥም መያዣ ሆኖ በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ሊመዘገብ ይችላል። «መያዣ የለንም» አልክ፤ በረት ሙሉ መያዣ ይዘህ ነው የምትናገረው። ሁሉም አበዳሪ ይሠራበታል ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ ዛሬም ካርታ ነው የሚጠይቁ። ጠይቀህ እምቢ ቢሉህ የምታጣው የለም።

---

የደብረሲና_ቆሎ

ጠባሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንዷ «ባለቤቴ አልፈቀደም» አለች ብለሃል። እኔ ሴት ነኝ፣ ይህችን አነጋገር አውቃታለሁ። እምቢ ማለት ሲያሳፍረን በባል እናመካኛለን። ያልፈቀደችው ራሷ ልትሆን ትችላለች። ከቡድኑ መካከል አንዱን አላመነችው ይሆናል። ሰው ባለበት አትጠይቃት፤ ለብቻዋ ጠይቃት።

---

ሰባራ_ሚዛን

ይህ ከኖቤሉ ሰውዬ ይበልጣል።

እግረ መንገዴን፣ ዛሬ ዛሬ ጎረቤት ያያል የምትሉት ነገር ግማሹ አብቅቷል። ድሮ የሰው ዕዳ በሱቅ ደብተር ነበር፣ ሰፈር ያውቀዋል። አሁን በቴሌብር መላና እንደኪሴ አለ፣ የየባንኩ የስልክ ብድር አለ። ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ፣ ስልኩን ጎርጉሮ፣ ተበድሮ፣ ሻዩን ይጨርሳል። እኔ ዋሱ ምን አየሁ? ቡድን የምትገቡ ሰዎች ስልካችሁን ለስልካችሁ ተሳዩ። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ።

---

ብድር_ክፍል_የነበርኩ

> ስልካችሁን ለስልካችሁ ተሳዩ

ትክክል ነው። ሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የደረሰው ቀውስ አንዱ ሥሩ ይህ ነበር፤ አንድ ሰው ከሦስት ከአራት ተቋም ይበደራል፣ የአንዱን በአንዱ ይከፍላል፣ ቡድኑ አያውቅም ወይም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ክልሉ ሕግ አውጥቶ ማስከፈሉን ሲያጠብቀው ተበዳሪው በጅምላ መክፈል አቆመ፣ ጥሩ ከፋዩም መጥፎውም።

---

የጠባሴ_አድላቢ

ጠየቅኋት። ለብቻዋ፣ ውሃ ስትቀዳ።

ቆሎዋ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ባሏ ጉዳዩን ከነጭራሹ አያውቅም። ነገውኑ እንፈርም ከሚሉት ሦስቱ አንዱ ከገበያ ነጋዴ በአራጣ እንደወሰደና የቡድኑን ብር ለዚያ መዝጊያ እንዳሰበው ነገረችኝ። ሚስቱ ናት ያጫወተቻት። ለምን አልነገርሽንም ስላት «ዕድር አብረን ነን፤ በኔ አፍ ሰው እንዲዋረድ አልፈለግሁም» አለች።

ሰውየውን ብቻውን አናገርኩት። አልካደም። ከቡድኑ በራሱ ወጣ፤ ለሌሎቹ ምክንያቱን አልተናገርንም። አሁን ስሙን ልትገምቱ የምትሞክሩ የሰፈር ልጆች እባካችሁ ተዉት።

---

መንዜ_ባና

በአንድ ሙያና በአንድ ሰፈር መሆን ጥቅሙ ይኸው! ቅድም ስናገር አልሰማችሁኝም እንጂ።

---

ቀወት_ሽንኩርት

አንድ ሰፈር መሆን ነው የጠቀመው እንጂ አንድ ሙያ አይደለም። የሰማችው ከሚስቱ ነው፣ ከበረቱ አይደለም። በግ ባያደልብም ትሰማው ነበር።

---

መንዜ_ባና

ይሁን። ግን በጉን አይቶ «ይህ ሰው በዚህ መኖ በግ አያወፍርም» የሚልህ አድላቢ ብቻ ነው።

---

ሚዛን_ደፋ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ለማስታረቅ አልሞክርም፤ ለእኔ የቀወቱ ሐሳብ ያመዝናል። የሙያ ዕውቀት ለማግኘት ዋስ መሆን አያስፈልግም። መኖ በጋራ ግዙ፣ የእንስሳት ሐኪም በጋራ አስመጡ፣ ክትባቱን በአንድ ቀን አስከትቡ። ለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አለ፤ ማኅበር መሆን ትችላላችሁ፣ ባትመዘገቡም በስምምነት ይሠራል። ዋስትናውን ግን በዓሉና ገበያው ከናንተ ጋር ከማይገጥም ሰው ጋር አድርጉት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በግ አይሸጥም፣ እንጀራ ግን ይሸጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ አጣዬ በ2013 የደረሰባትን አስታውሱ። ከተማ ሲቃጠል ሻይ ቤትም፣ ባጃጅም፣ ጋራዥም አብሮ ነው የሚቃጠለው። ለዚያ ዓይነቱ የትኛውም የቡድን አሠራር አይበቃም፤ ያ የአበዳሪውና የመንግሥት ሸክም መሆን አለበት፣ የቆሎ ሻጭ አይደለም። ውላችሁ ላይ «ከአቅም በላይ የሆነ ነገር» ሲደርስ ክፍያው እንዴት እንደሚራዘም የሚናገር አንቀጽ ፈልጉ። ከሌለ አስገቡ።

---

የጠባሴ_አድላቢ

ወገኖች፣ የደረስንበትን ልጻፍ፤ ረጅም ጊዜ ስለሰጣችሁኝ ዝም ብዬ ብጠፋ ነውር ነው።

አበዳሪው ጋ ሄድን። የሆነውን ሳላስጌጥ፦ ውሉን አስቀድመን ወስደን እናንብበው ስንል ባለሙያው ደንግጦ «እስካሁን የጠየቀኝ የለም» አለ፤ ኃላፊው ግን ቅጂ ሰጠን። ውሉ በአንድነትና በነጠላ የሚለው ነው። የዋስትናው መጠን ይገደብ ላልነው እምቢ አሉ፤ ቅርንጫፍ የመወሰን ሥልጣን የለውም። በጎቹን መያዣ እናድርግ ላልነውም ሳቁ፤ «ቢሞትስ?» አሉን። ለሰውም ቢሆን ያው ነው አልኳቸው በሆዴ።

ክፍያውን ግን አሻሻሉልን። በየወሩ የነበረው ሦስት ጊዜ ሆነ፤ ከመስቀል በኋላ፣ ከገና በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ። ወለዱ በየወሩ ይከፈላል፣ ዋናው ያኔ። ሁላችሁም አንድ ሥራ ካልሆናችሁ የሚለውንም አነሱልን፤ አንድ ቀበሌ መሆን ግን ግዴታ ነው።

አሁን እኔ፣ የተቀሩት ሁለት አድላቢዎች፣ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክብ ጎረቤታችንና ጋራዥ ያለው ልጅ ነን። ባሏን ያመካኘችው እህታችን በብድሩ አልገባችም፣ በመኖ ግዢው ግን አለችበት፤ ደብተሩንም የምትይዘው እሷ ናት። የምንወስደው በሁለት ዙር ነው፤ መጀመሪያ እኔና እንጀራ ጋጋሪዋ። ከብድሩ በፊት በየሳምንቱ የምናዋጣው ለመጥፎ ቀን የሚሆን ብር በራሳችን ስም ተከፍቷል፤ የአበዳሪው ግዴታ ቁጠባ ሌላ ነው፣ እሱ ቡድኑ እስኪዘጋ አይነካም።

ለአንድ ጫኝ መሸጣችንን ገና አልፈታነውም። ደብረ ብርሃን የበግ ተራ ብቻውን በዓል ሲደርስ የሁላችንንም አያነሳም። ጫጫ ወይም ሸኖ አውጥቶ የሚሸጥ ካለ ልምዱን ይንገረን።

---

የሸድ_ልጅ

ሸኖ ላይ የማውቀው አለ፤ በውስጥ መልእክት። ጫኙ ግን ቀብድ ሳይሰጥ በግ አታስጭኑ፤ በቃል የተሸጠ ዴስክ ስንት እንዳስከፈለን ነግሬሃለሁ።

---

ፍርድ_ቤት_በር_ላይ

ሁለት ዙር ከሆነ የሁለተኛው ዙር ተበዳሪዎች ለመጀመሪያው ዋስ ሆነው የሚፈርሙት ዛሬ ነው ወይስ ብሩን ሲወስዱ? ዛሬ ከሆነ፣ አበዳሪው ሁለተኛውን ዙር እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያስገድዱት። አለዚያ ሦስት ሰው ሳይበደር ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል።

---

የጠባሴ_አድላቢ

ዛሬ ነው። ይህን አላየነውም ነበር። ሰኞ ይዤው እመለሳለሁ።

---

ቀወት_ሽንኩርት

ክፍያ በበዓል የሚቀበል አበዳሪ ሸዋ ሮቢት ቅርንጫፍ አለው? ለሽንኩርትም በመኸርና በመስኖ መውጫ ቢያደርጉልን ጥሩ ነበር። ስሙን ላክልኝ።

---

አወያይ

የአበዳሪ ስም በውስጥ መልእክት። ክሩ ክፍት ነው፤ ሰኞ የሚሆነውን እዚሁ ጻፉ።